ከቅኔ ቤት እስከ ባርቢያና፦ የክፍል ጽሑፍና የተማሪ ማንነት

ተማሪ የጻፈውን ለክፍል ጓደኞቹ ሲያነብ፣ እነርሱም ሰምተው ሲጠይቁት፣ ሲያርሙትና ሲከራከሩት የሚፈጸመው ነገር ከቋንቋ ልምምድ ያለፈ ነው፤ ተማሪው በዚያ ክፍል ውስጥ ማን እንደሆነ፣ ቃሉ ምን ያህል እንደሚደመጥ፣ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር የሚታወቀው በዚያ ሰዓት ነውና። በሚከተለው ምልልስ ሁለት አስተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ይወያያሉ። አንደኛው በቅኔ ቤት አድገው ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ መሪጌታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምርና የጽሕፈት ማስተማሪያ ዘዴን ያጠናች መምህርት ናት። የተማሪ ጽሑፍ ሰሚ ያስፈልገዋል በሚለው ሁለቱም ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ማን ያርመው በሚለው ላይ ነው።

መሪጌታው፦ በዘመናዊው የቋንቋ ትምህርት ክፍልን «የዲስኩር ማኅበረሰብ» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ክፍል ማለት በዕድሜና በስም ዝርዝር የተመደቡ ልጆች ስብስብ ከሆነ፣ ማኅበረሰብ የሚለው ስም በምን ይገባዋል?

መምህርቷ፦ ስሙ ለሁሉም ክፍል አይገባውም፤ የኔታ። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ሲሆን፣ ዲስኩር ሲሉም አንድ ወገን ለሥራው የሚገለገልበትን የንግግርና የጽሑፍ ልማድ ማለታቸው ነው። በእርሳቸው አነጋገር አንድ ስብስብ የዲስኩር ማኅበረሰብ የሚባለው የታወቀ የጋራ ዓላማ፣ አባላቱ የሚገናኙበት መንገድ፣ አስተያየት የሚሰጣጡበት ሥርዓት፣ የራሱ የጽሑፍ ዓይነቶችና የራሱ ቃላት፣ እንዲሁም አዲስ ገቢውን የሚያለማምዱ በቂ አዋቂዎች ሲኖሩት ነው። በዚህ መለኪያ ብዙ ክፍሎች ማኅበረሰብ አይደሉም። ስልሳ ደብተር ተሰብስቦ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ፣ ከአሥር ስንት እንደሆነ ተጽፎበት ሲመለስ፣ ስልሳ ልጆች እያንዳንዳቸው ከመምህራቸው ጋር ለየብቻ ተነጋገሩ ማለት ነው እንጂ ክፍሉ እርስ በርሱ አልተነጋገረም። አብሮ የተቀመጠው ልጅ ጓደኛው ምን እንደጻፈ ሳያውቅ ዓመቱ ያልቃል።

መሪጌታው፦ እንዲህ ከሆነ ቅኔ ቤት ከጥንት ጀምሮ ማኅበረሰብ ነው። ተማሪው ቁራሹን ለምኖ ከተመለሰ በኋላ ከጓደኞቹ ራቅ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ መቁጠር ማለትም ግሡን፣ ዜማውን፣ የቤቱን ልክና ምሥጢሩን አስማምቶ በልቡ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ግሡ የተሳሳተበትን ያቃናሉ፤ ምሥጢሩ ያልሞላውን «ሄደህ ቁጠር» ብለው ይመልሳሉ፤ የሰመረ እንደሆነ ከዙሪያው «ይበል» ይባላል። ጓደኞቹ ተቀምጠው ስለሚሰሙ የአንዱ ስሕተት ለሁሉ ትምህርት ነው። ጀማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲዘልቅ፣ ባልንጀሮቹ የሚያውቁት በአባቱ ርስት ሳይሆን በቅኔው ነው። ሌላ ደብር ቢሄድም የዋሸራ ነው፣ የጎንጅ ነው፣ የዋድላ ነው ተብሎ በአቆጣጠሩ ይለያል። በዚያ ላይ ቅኔ ለዕለቱ የሚቆጠር ስለሆነ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም በአንድ ጊዜ ሙያ ስም አያገኝም።

መምህርቷ፦ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ስዌልስ ከዘረዘሩት አንዱንም አያጎድልም። ከሁሉ የሚልቀው ግን ጀማሪው በመጀመሪያው ወራት የሚሠራው ሥራ ከመምህሩ ሥራ ጋር በዓይነቱ አንድ መሆኑ ነው። ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በለማጅ ሠራተኞች ሕይወት አሳይተዋል፤ አዲስ ገቢ ከዳር ቢጀምርም የሚሠራው የእውነተኛው ሥራ ክፋይ ሊሆን ይገባል የሚል ነው ሐሳባቸው። ሌቭ ላይቤሪያ ውስጥ ባጠኗቸው ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ለማጁ የሚጀምረው ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከመቀምቀም ነው፤ ጨርቅ መቁረጥን የሚማረው በመጨረሻ ነው፤ ነገር ግን ቁልፉን የተከለበት ሱሪ ገበያ ይወጣል፣ ሰው ይለብሰዋል። ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብትሆን ሙሉ ቅኔ ናት። «የክረምት ወራት» በሚል ርእስ በየክፍሉ የሚጻፈውን ድርሰት ግን መምህሩ ካረመው በኋላ የሚፈልገው ሰው የለም፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ የሚጽፈው ለማርክ ነው።

መሪጌታው፦ ማንነት የሚለው ግን ገና አልተብራራም። ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ የወላጆቹን ስም፣ ሃይማኖቱን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ይዞ ነው የሚገባው። ጽሑፉን ለጓደኞቹ ማንበቡ በዚህ ላይ ምን ይጨምርለታል?

መምህርቷ፦ በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሮዝ ኢቫኒች፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሰዎችን ጽሑፍ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ መልስ ሰጥተዋል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጸሐፊው በአንድ መልክ ብቻ አይገኝም ይላሉ። ከኑሮው ይዞት የመጣው ማንነት አለ፤ አንባቢ ከቃላት ምርጫውና ከአገላለጹ የሚረዳው፣ በጽሑፉ ላይ የሚታየው ማንነት አለ፤ አቋም ይዞ ለተናገረው ኃላፊነት የሚወስደው፣ ደራሲ የሚባለው ማንነት ደግሞ አለ። ከእነዚህ ሌላ ማኅበረሰቡ ራሱ ለአባላቱ የሚከፍትላቸው ወይም የሚዘጋባቸው የማንነት በሮች አሉ። የመጀመሪያው ከቤት ይመጣል፤ ደራሲነት ግን ያለ አንባቢ አይገኝም። አንድ ልጅ የጻፈውን ሌላው ልጅ «ይህ እውነት አይደለም» ወይም «ከዚያስ ምን ሆነ?» ሲለው፣ ጽሑፉ መልስ የሚሰጥበት ጉዳይ ሆነ፤ ጸሐፊውም መልስ የሚጠየቅ ሰው ሆነ። ማርክ ይህን አያደርግም፤ ሰባት ከአሥር ላገኘ ተማሪ የሚመልሰው ጥያቄ አልቀረበለትም።

መሪጌታው፦ ይህ ለአዋቂዎች ይሆናል። ገና ፊደል የሚያጣምም ሕፃን ግን ለጓደኛው ምን የሚነግረው ነገር አለው?

መምህርቷ፦ የፈረንሳዊው መምህር የሴሌስታን ፍሬኔ ሥራ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ፍሬኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባቸውን ቆስለው እ.ኤ.አ. በ1920 በደቡብ ፈረንሳይ ተራሮች ባር ሱር ሉ በምትባል መንደር ማስተማር ሲጀምሩ፣ ረጅም ሰዓት ድምፅ አሰምቶ መናገር ይከብዳቸው ስለነበር ልጆቹን በመንደሩና በዙሪያው ማዘዋወር፣ ተመልሰውም ያዩትን እንዲናገሩና እንዲጽፉ ማድረግ ጀመሩ። በ1924 ደግሞ ትንሽ የእጅ ማተሚያ ገዝተው ክፍል ውስጥ አስገቡ። ከልጆቹ አንዱ ያየውን ወይም ያሰበውን በገዛ ፈቃዱ ይጽፋል፤ ጽሑፎቹ ተነብበው ክፍሉ በድምፅ አንዱን ይመርጣል፤ የተመረጠው ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ደራሲው ባለበት ቃሉም ሥርዓተ ነጥቡም በጋራ ይቃናል። ከዚያ ልጆቹ የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ ይደረድራሉ። የማተሚያ ፊደል የሚነበበው እንደ መስተዋት ምስል ተገልብጦ ስለሆነ፣ ለቃሚው እያንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል ማየት ግድ ይለዋል፤ አንዲት ፊደል ብትዘል በታተመው ወረቀት ሁሉ ላይ ትታያለች። ፊደልን በትክክል መጻፍ በዚያ ክፍል ለአንባቢ የሚደረግ አክብሮት ሆነ ማለት ነው።

መሪጌታው፦ የታተመውን ማን ያነበዋል?

መምህርቷ፦ የነገሩ ዋና ቁም ነገር እርሱ ነው። ፍሬኔ በ1926 ከረኔ ዳንዬል ክፍል ጋር የታተመ ጽሑፍ መለዋወጥ ጀመሩ፤ የዳንዬል ትምህርት ቤት በብሪታኒ ባሕር ዳርቻ ትሬጉንክ በተባለ ቦታ የሚገኝ ነበር። የባር ልጆች የሚያውቁት ወይራን፣ ለግራስ ሽቶ ሠሪዎች የሚለቀሙ አበቦችንና ብርቱካንን ነው፤ የትሬጉንክ ልጆች ደግሞ ባሕርንና ዓሣ ማጥመድን። በገዛ መንደሩ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የአበባ ለቀማ፣ በሌላኛው የአገሪቱ ዳር ለሚኖር ልጅ የማይታወቅ ዜና ሆነ። ገበሬው ልጅ ያለውን ነገር ዋጋ ያወቀው የማያውቀው ሰው ስለጠየቀው ነው፤ ከደብዳቤው በፊት የአበባ ለቃሚ ልጅ ነበር፣ ከደብዳቤው በኋላ ስለ አበባ ለቀማ የሚያስረዳ ሰው ሆነ። ስለ ማንነት የሚባለው ሁሉ እዚህ ላይ ይጨበጣል።

መሪጌታው፦ ጽሑፍ ከክፍሉ ደጃፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገርም አብሮ ይወጣል። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው የተሳሳተው ቅኔ እዚያው ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሚባለው የተቃናው ብቻ ነው።

መምህርቷ፦ ፍሬኔም በዚህ ክፉኛ ተጎድተዋል። ወደ ሳን ፖል ደ ቫንስ ተዛውረው ሲያስተምሩ፣ አንድ ልጅ ያየውን ሕልም ጽፎ ነበርና ተቃዋሚዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ የልጁን ጽሑፍ ከአውዱ አውጥተው በመንደሩ ግድግዳዎች ላይ ለጠፉት፤ በሕልሙ ውስጥ ልጆች በከንቲባው ላይ ይነሣሉ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ ፍሬኔ በቀጣዩ ዓመት ከዚያ ትምህርት ቤት እንዲነሡ ሆነ፤ በ1935 ቫንስ ላይ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ለክፍሉ የታመነ ጽሑፍ ለከንቲባ ክርክር መሣሪያ መሆኑ ለልጁ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ስለዚህ የክፍል ማኅበር ድንበር ሊኖረው የግድ ነው፤ የትኛው ጽሑፍ በክፍል እንደሚቀር፣ የትኛው ወደ ወላጆች፣ የትኛው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ደራሲው አስቀድሞ ማወቅና መፍቀድ አለበት።

መሪጌታው፦ አደጋው ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ መምህርት። ሳቅ አለ። በቅኔ ቤት እንኳ ግሥ የሳተ ተማሪ በጓደኞቹ ይሳቅበታል፤ አንዳንዱም በዚያ ምክንያት ትምህርቱን ትቶ ይሄዳል።

መምህርቷ፦ በአዲስ አበባ ክፍሎች ይህ ይብሳል። ቤቱ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ተነሥቶ ሲያነብ በአነጋገሩ ከተሳቀበት፣ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል፤ ሁለት መስመር የተለመደ ነገር ጽፎ ይቀመጣል። ኢቫኒች ማኅበረሰቡ የሚዘጋቸው በሮች ያሉት ይህን ነው። ክፍሉ ለዚያ ልጅ የተወለት ቦታ «አማርኛ የማይችል» የሚል ብቻ ነው፤ እርሱም ያንን ማንነት ይቀበላል። ጽሑፍን መካፈል በራሱ ደግ ነገር ነው የሚሉ መጻሕፍት ይህን አያዩም። ያው ሥራ አንዱን ልጅ ደራሲ እንደሚያደርግ ሁሉ ሌላውን ለዘለቄታው ዝም ሊያሰኝ ይችላል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሰሚዎቹ ምን እንዲያደርጉ ከተማሩት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስተያየት የሚሰጥ ልጅ ስለ ነገሩ ብቻ እንዲጠይቅ፣ ስለ አነጋገርና ስለ ፊደል እንዳያነሣ ቢደረግ፣ ያ ልጅ በእናቱ ቤት ያለውን ነገር ለመናገር ጊዜ ያገኛል።

መሪጌታው፦ ይህ ተቀባይነት ያለው ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ነገር አሳሳቢ ነው። ልጆች እርስ በርሳቸው ይተራረሙ ከተባለ ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ። ግሥ የማያውቅ ግሥ የማያውቀውን በምን ያቃናዋል? ቅኔ ቤት የቆመው መምህሩ ስለሚያውቁና ስለሚፈሩ ነው።

መምህርቷ፦ ለዚህ የሚቀርበው ምስክር ባርቢያና ናት። ከፍሎረንስ በስተሰሜን በሙጄሎ ተራሮች ላይ ያለች፣ ጥቂት የገበሬ ቤቶች ያሏት ደብር ናት። ካህኑ ሎሬንዞ ሚላኒ እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ ወደዚያ ተልከው ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቀው ለቀሩ ልጆች ቀኑን ሙሉ፣ ያለ ዕረፍት ወራት የሚሠራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1963 የፍሬኔን ዘዴ የሚከተለው መምህር ማሪዮ ሎዲ ጎብኝቷቸው በቮ ዲ ፒያዴና ካሉት ተማሪዎቹ ጋር ደብዳቤ እንዲጻጻፉ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የባርቢያና ልጆች በጋራ መጻፍን ሥራቸው አደረጉት። በ1967 የታተመው «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» በዚህ መንገድ ስምንት ልጆች የጻፉት ነው፤ በሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲ ስምም የትምህርት ቤቱ ነው።

መሪጌታው፦ ስምንት ሰው አንድ መጽሐፍ እንዴት ይጽፋል?

መምህርቷ፦ በቁራጭ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ማስታወሻ ደብተር ይይዛል፤ አንድ ሐሳብ በመጣለት ጊዜ ለብቻው በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ወረቀቶቹ ሁሉ በትልቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ የተደገመው ይወጣል፣ የሚመሳሰለው በአንድ ክምር ይቀመጣል፤ ክምሮቹ ምዕራፎች ይሆናሉ፤ ትልቁ ክምር ተከፍሎ ትንንሽ ይሆናል፤ እነዚህም አንቀጾች ናቸው። ከዚያ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ያነባሉ፣ ትርፍ ቃል ያገኘ ያወጣል፣ ከባድ ቃል ያገኘ በቀላል ይለውጣል፣ እውነት ያልሆነ የመሰለው ይቃወማል። ረቂቁንም ብዙ ላልተማረ የውጭ ሰው አንብበው የገባውንና ያልገባውን ይጠይቁታል። በትምህርት ቤት ቋንቋ አይችሉም ተብለው የወደቁ ልጆች የአገራቸውን ትምህርት ቤት የድሃ ልጆችን እየጣለ ነው ብለው በአኀዝ አስደግፈው ከሰሱት፤ አገሪቱም ሰማቻቸው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም ከማንም በሰዋስው አልበለጠም፤ የሚያርሙት በሚያነቡት ሰው ዓይን ነበር። ዕውር ዕውርን መራ አይባልም፤ ስምንት ሰዎች እየተጋገዙ አንድ መንገድ ፈለጉ።

መሪጌታው፦ ይሁን፤ ግን ሚላኒ አብረው ተቀምጠዋል።

መምህርቷ፦ ተቀምጠዋል፤ ያለ እርሳቸው የሚሆን አልነበረም። መጽሐፉ ከታተመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሰኔ 1967 እስኪሞቱ ድረስ ታመውም አልተለዩአቸውም። ልዩነቱ የመጨረሻው አንባቢ እርሳቸው አለመሆናቸው ነው።

መሪጌታው፦ እንግዲያው በቅኔ ቤትና በዘመናዊው ክፍል መካከል ያለውን ትልቁን ልዩነት ገና አልነካሽውም። የቅኔ መምህር ተማሪዎቹ የቆጠሩትን ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ ራሱም ለጉባኤው ቅኔ ይቆጥራል፣ ይናገራል፣ ምሥጢሩን ይፈታል፤ ተማሪው ቅኔ ምን እንደሆነ የሚያየው በመምህሩ ሥራ ነው። በዘመናዊው ክፍል ግን ተማሪው መምህሩ የጻፈውን አንድ አንቀጽ ሳያይ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ይወጣል። ድርሰት ጻፉ የሚለው ሰው ድርሰት ሲጽፍ አልታየም። መምህሩ የማኅበሩ አባል ካልሆነ፣ አዋቂ የሌለው ማኅበር ነው ማለት ነው፤ ስዌልስ የሚሏቸው በቂ አዋቂዎችስ የት አሉ?

መምህርቷ፦ ይህ ወቀሳ ትክክል ነው፤ መልስም የለውም። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሻየር በሕፃናት ጽሕፈት ላይ ያጠኑት ዶናልድ ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው መጽሐፋቸው መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት እንዲጽፍ መክረዋል። በዚያው ዓመት ከጄን ሃንሰን ጋር ባወጡት ጥናት «የደራሲ ወንበር» የተባለውን ልማድ ገልጸዋል፤ ልጁ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ወይም የሌላ ደራሲን መጽሐፍ ያነባል፣ ሰሚዎቹ በመጀመሪያ የተረዱትን ይናገራሉ፣ ቀጥለው ይጠይቃሉ። የስድስት ዓመት ልጅና የታወቀ ደራሲ በአንድ ወንበር ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃሉ።

መሪጌታው፦ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አለ፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለ። ያ አይበቃም?

መምህርቷ፦ ሚኒ ሚዲያ ብዙ ጸሐፊዎችን አፍርቷል፤ ማይክሮፎን ፊት የቆመ ልጅ ግጥሙ በግቢው ሁሉ ሲሰማ የሚያድርበት ስሜት ቀላል አይደለም። በከፍተኛ ትምህርትም በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን የቀረበው የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተማሪው ወገን ስለ ማን መናገር እንዳለበት ራሱን የጠየቀበት ግጥም በመሆኑ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ይሁንና እነዚህ መድረኮች የተመረጡ ጥቂቶች የሚናገሩባቸውና ብዙኃኑ የሚያጨበጭቡባቸው ናቸው። አጨብጫቢው ማኅበረተኛ የሚሆነው መልስ የመስጠት ዕድል ሲኖረው ነው፤ ይህም የሚገኘው ክፍል ውስጥ ነው። ለጋራ ጥናት የተቋቋመው የአንድ ለአምስት ቡድን የቤት ሥራ ለመገላበጥ ከሚውል የአምስት ልጆች የንባብ ማኅበር ቢደረግ፣ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉም ሊያነብና ሊደመጥ ይችላል። በሳምንት አንድ ጽሑፍ ደግሞ በድምፅ ተመርጦ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍና በጋራ ቢቃና ይበቃል።

መሪጌታው፦ በድምፅ የሚለው አይስማማም። ድምፅ ከተሰጠ ጎበዙ ልጅ ሁልጊዜ ይመረጣል፤ ዝምተኛው ዓመቱን ሙሉ ድምፅ ሲሰጥ ይከርማል። በቅኔ ቤት ተራ ነው የሚጠበቀው፤ ተራው የደረሰ ሁሉ፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ይነግራል።

መምህርቷ፦ ተራው ለሰሌዳው፣ ድምፁ ለሚታተመው ሊሆን ይችላል። ፍሬኔ ድምፅ ያሰጡት ለማተሚያው ስለነበር ነው፤ ለማቃናት ግን የሁሉም ጽሑፍ እኩል ያገለግላል፤ እንዲያውም የደከመው ይልቅ ያስተምራል። ተራው የደረሰ ልጅ ለማንበብ ካልፈለገ ጓደኛው እንዲያነብለት፣ ስሙ እንዳይነሣ ከፈለገም ያለ ስም እንዲቀርብለት ቢፈቀድ ተራው አይፈርስም።

መሪጌታው፦ ያለ ስም የሚለውን ለጊዜው ቢሆን እንጂ ለዘለቄታው መቀበል ያስቸግራል፤ በስሙ ያልተጠየቀ ልጅ ደራሲ አይሆንም ያልሽው አንቺው ነሽ። ለመሆኑ የመጀመሪያው ተራ ለማን ይድረስ? መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ልጅ ሁሉ ሲያርመው ይፈራል።

መምህርቷ፦ ለመምህሯ ይድረስ። ማታ ጽፋ ያላቃናችውን፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን አንድ አንቀጽ ይዛ ትምጣና ሰሌዳ ላይ ትጻፈው፤ ጠመኔውን ለተማሪዎቹ ሰጥታም ያልገባቸውን ይጠይቋት፣ ትርፍ የመሰላቸውን ቃል ይሰርዙ፤ እርሷም የምትከራከርበትን ትከራከር፣ የምትቀበለውን እያዩ ታስተካክል። የሁለተኛው ሳምንት ተራ ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቹ ይሰጥ።